የድርጅት ጥናት የማን ነው? እስከ 36ኛው መልስ የተባለው

ይህ ክር (በአንድ ጥያቄ ሥር መልስ በመልስ የተከታተለው ውይይታችን) ከረዘመ ወዲህ ዘግይተው የሚገቡ ሰዎች ከላይ ጀምሮ ማንበብ እየታከታቸው አስቀድሞ የተመለሰውን ደግመው ይጠይቃሉ። ስለዚህ እስከ 36ኛው መልስ የተባባልነውን በራሴ አነጋገር እዚህ አስቀምጫለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፤ ዋናውን የፈለገ ወደ ላይ ወጥቶ ያንብብ። ከአንድ አዋጅ ቁጥር በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። አድልተሃል የሚለኝ ቢኖር አልክድም። የቡራዩዋንና የዱከሟን ሴቶች ሐሳብ ከሌላው አስረዝሜ አቅርቤአለሁ፤ ስለሚገባቸው ነው።

ክሩን የከፈተው የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ ሲሆን፣ ገላን ውስጥ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ በሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል የሚሠራ ወጣት ነው። ሁለተኛ ዲግሪውን በድርጅት ጥናት፣ ማለትም ሰዎች ተደራጅተው እንዴት እንደሚሠሩ በሚመረምረው ዘርፍ፣ መሥራት ይፈልጋል፤ እቁቡም ወጥቶለታል። የቸገረው በር የሚከፍትለት ማጣቱ ነው። የሥራ አመራር ትምህርት ክፍል ጉዳዩ የሶሺዮሎጂ ነው ብሎ ሰደደው። ሶሺዮሎጂዎቹ ወደ ሳይኮሎጂ መሩት። ሳይኮሎጂዎቹ ደግሞ በትህትና ወደ ሥራ አመራር መለሱት። በዚህ ተበሳጭቶ ነው ክሩን የከፈተው። አቋሙ አጭር ነበር፦ ቤት የሌለው ዕውቀት ዕውቀት አይባልም፤ ይህ ዘርፍ ከሶሺዮሎጂም፣ ከሳይኮሎጂም፣ ከኢኮኖሚክስም የተለቃቀመ ነው። ታዲያ የእቁብ ገንዘቤን ላውጣበት ወይስ እንደ ሰው ሁሉ ሥራ አመራር ልማር ብሎ ጠየቀ።

1ኛው መልስ ከሰበታ የመጣ ነው። እንኳን እቁቡ ደረሰህ ብሎ ጀምሮ፣ ቀጣሪ የሚያውቀው ስም የሥራ አመራርን ስለሆነ እሱኑ ተማር ብሎ መከረ። 2ኛው ይህንኑ አጸደቀ። 3ኛው መርቆ ሄደ።

4ኛውን የጻፉት ለገጣፎ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ እዚህ ሁላችንም ጋሼ እያልን እንጠራቸዋለን። መልሳቸው ረጅም ነው፤ ሆኖም ከክሩ ሁሉ በጨዋነት የሚስተካከለው የለም። ጠያቂውን አልገሠጹትም፤ የዘርፉን መሥራቾች አንድ በአንድ አስቆጠሩት እንጂ። ማክስ ቬበር የሠለጠነው በሕግ፣ በፕሮፌሰርነት ያስተማረው ኢኮኖሚክስ፣ ዛሬ የሚቆጠረው ግን ከሶሺዮሎጂ አባቶች ነው። ስለ ቢሮክራሲ የጻፈበት ትልቁ ሥራውም የታተመው እ.ኤ.አ. በ1920 ከሞተ በኋላ ባለቤቱ አሰናድታው ነው። ፍሬድሪክ ቴይለር መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1916 የአስተዳደር መርሆችን የጻፈው ፈረንሳዊው ሄንሪ ፋዮል የማዕድን መሐንዲስ ነበር። ቼስተር ባርናርድ ደግሞ ሃርቫርድን ሳይመረቅ ትቶ ወጥቶ በኒው ጀርሲ የስልክ ኩባንያ ፕሬዚዳንት የሆነ ሰው ነው፤ ስለ ሥራ አስኪያጅ ተግባር የጻፈው የ1938ቱ መጽሐፉ እስከ ዛሬ ይነበባል።

ጋሼ በዝርዝር የተናገሩት ስለ ኸርበርት ሳይመን ነው። ዶክትሬቱ በፖለቲካ ሳይንስ፣ የ1975ቱ የቱሪንግ ሽልማቱ በኮምፒውተር ሳይንስ፣ የ1978ቱ የኖቤል ሽልማቱ በኢኮኖሚክስ፣ የማስተማሪያ ወንበሩ ደግሞ በኮምፒውተር ሳይንስና በሳይኮሎጂ። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1947 ያሳተመው የአስተዳደር ጥናት አንድ ቀላል ነገር ይላል። ሰው ሲወስን ሁሉን አያውቅም፤ ሁሉን ለማመዛዘንም ጊዜ የለውም። ስለዚህ ይበቃል የሚለው ላይ ሲደርስ ያቆማል። ፎርሙ፣ የሥራ ክፍፍሉ፣ የደብዳቤው ቁጥር፣ መዝገብ ቤቱ ሁሉ አንድ ጭንቅላት የማይችለውን ውሳኔ ለብዙ ጭንቅላት ማከፋፈያ ነው። ይህን ሰው የትኛው የትምህርት ክፍል ቢያስገባው ነው እናንተን ደስ የሚላችሁ ብለው ጠየቁና ተሰናበቱ።

5ኛው መልስ የራሱ የጠያቂው ነው። ጋሼን ከልብ አመሰገነ፤ ነገር ግን የተዘረዘሩት ሁሉ ከሌላ ቤት የመጡ እንግዶች ከሆኑ ባለቤቱ የታለ አለ። አይፈረድበትም።

6ኛዋ የቡራዩዋ ናት። በሶሺዮሎጂ ተመርቃ በአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ትሠራለች፤ ስትጽፍ ሰላምታ አታበዛም። የከተማ ዳር ኗሪዎች ስለሆንን ዕውቀትንም ሳይቀር በይዞታ ካርታ መለካት ለምዶብናል ብላ ጀመረች። ካርታ ከሆነ የምትፈልጉት ይኸውላችሁ አለችና፣ በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአስተዳደር ሳይንስን የሚመለከት መጽሔት ከ1956 ጀምሮ ሳይቋረጥ መታተሙን፣ አውሮፓውያኑም የራሳቸውን የድርጅት ጥናት መጽሔት በ1980 መጀመራቸውን ጠቀሰች። ከዚያ በኋላ ያለችው ግን ይበልጣል። ዘርፉን የሚያቆመው ጥያቄው ነው፤ ጥያቄውም ሰዎች ተሰባስበው ሲሠሩ ከመካከላቸው አንዱም ያላሰበው ነገር ሠርተው የሚገኙት እንዴት ነው የሚል ነው። ይህን ለመመለስ ከየትም መበደር ነውር የለበትም አለች።

7ኛው የየካ አባዶው ሒሳብ ሠራተኛ ነው። እሱ ደግሞ መላው ዘርፍ የኢኮኖሚክስ አንድ ምዕራፍ ነው ባይ ነው። ኢኮኖሚስቱ ሮናልድ ኮዝ እ.ኤ.አ. በ1937 ያነሣውን ጥያቄ አመጣ፦ ገበያ ሁሉን ነገር የሚያደርስ ከሆነ ድርጅት የሚባል ነገር ለምን ኖረ? በገበያ መጠቀም ራሱ ወጪ ስላለው ነው። ዋጋ ማፈላለግ፣ መደራደር፣ ውል መጻፍ፣ ውሉ መከበሩን መከታተል ሁሉ ገንዘብ ይበላል። ይህ ወጪ ደመወዝ ከፍሎ ከማሠራት ሲበልጥ ሰው ድርጅት ያቋቁማል። ኮዝ በ1991 ኖቤል ተሸለመበት። የሒሳብ ሠራተኛው የራሱን መሥሪያ ቤት ምሳሌ አድርጎ፣ ጽዳቱን ለውጭ ተቋራጭ ሰጥተው ሳለ ማን የትኛውን ክፍል እንዳላጸዳ ሲጨቃጨቁ ከርመው መልሰው ሠራተኛ እንደ ቀጠሩ ጻፈ። እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። የቀረው ሁሉ ወሬ ነው ብሎ ጨመረበት፤ 8ኛው መልስ የቡራዩዋ ቁጣ ሆነ። የቁጣውን ዝርዝር ትቼዋለሁ።

9ኛው ከዱከም ነው። የጻፈችው በልብስ ፋብሪካ የመስመር ኃላፊ የሆነች፣ ቀድሞ ራሷ በስፌት መኪና ላይ ተቀምጣ የኖረች ሴት ናት። ቬበርን አላውቅም፣ ሳይመንንም አላውቅም ብላ ነው የጀመረችው። አንድ ቀን የሰዓት መቁጠሪያና ሰሌዳ የያዘ ሰው መጥቶ ከኋላቸው ቆመ። እጅጌ መግጠም ስንት ሰከንድ እንደሚወስድ ይጽፋል። በዚያን ቀን ሴቶቹ ክር ሲበጠስ በዝግታ ቀጠሉ፤ ጨርቁን ሁለት ጊዜ አቃኑ፤ ሌላ ጊዜ የማይነኩትን መኪና በጥንቃቄ ዘይት ቀቡ። ተመካክረው አይደለም። አንዷ እጇ ከፈጠነ ከጎኗ ያለችው በሳል ታስጠነቅቃታለች፤ ይኸው ነው ምክክሩ። የወሩ ኢላማ የወጣው በተለካው ፍጥነት ስለሆነ ያለ ጭንቅ ይደርሱበትና ጉርሻውንም ያገኙ ነበር።

ከዚያ አንዲት አዲስ ልጅ ተቀጠረች። እጇ ፈጣን ነው፤ ከሌላው እጥፍ ታወጣለች፤ ኃላፊዎቹም በሰው ፊት ያመሰግኗታል። ቦቢኗ፣ የመኪናዋ የሥር ክር የሚጠነጠንበት ማጠንጠኛ፣ መጥፋት ጀመረ። ጠዋት ትሞላዋለች፣ ከምሳ ስትመለስ የለም። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም፤ ምሳም አብረዋት ይበላሉ። ጥቂት ቆይቶ እጇ እንደ ሰው እጅ ሆነ፤ ቦቢኑም መጥፋቱን አቆመ። ዛሬ የመስመር ኃላፊዋ ራሷ ይህን ሁሉ እያየች ለማንም አታመለክትም። ለምን እንደማታመለክትም ጻፈች፦ ሁሉም በፈጣኗ ልክ ይሥራ ከተባለ በዓመቱ ግማሾቹ ወገባቸውን ይዘው ይወጣሉ።

ከዚህ መልስ በኋላ ክሩ ሌላ ክር ሆነ ማለት ይቻላል። በ10ኛው ጋሼ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተመው መጽሐፉ የታገለው ልክ ይህንን ሆን ተብሎ የሚደረግ ዝግታ ነበር አሉ። በቤተልሔም ብረታ ብረት ኩባንያ አንድ ጫኝ በቀን የሚጭነውን ብረት ከ12.5 ቶን ወደ 47 ቶን አሳደግሁ፣ ደመወዙን ግን ከ1.15 ዶላር ወደ 1.85 ብቻ ከፍ አደረግሁ ብሎ ራሱ ጽፎታል። አስተውሉ፣ ሥራው አራት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ደመወዙ እጥፍ እንኳ አልሆነም። ጋሼ ከዚያ ወደ ሆቶርን ተሻገሩ። ከቺካጎ ዳር በነበረው በዌስተርን ኤሌክትሪክ ፋብሪካ ከ1924 እስከ 1932 በተካሄደው ጥናት 14 ወንድ ሠራተኞች በአንድ ክፍል ተደርገው ሲታዩ፣ የቀን ሥራቸውን ልክ ራሳቸው ወስነው ተገኙ። ከልኩ ያለፈውን ክንዱን በቡጢ ይመቱት ነበር። የዱከሟ ሴቶች ቡጢ አላስፈለጋቸውም።

11ኛዋ የቡራዩዋ እርማት ይዛ መጣች። ከሆቶርን በየሥልጠናው የሚተረከው ሌላው ታሪክ፣ ለሠራተኛ ትኩረት ስትሰጠው ምርት ይጨምራል የሚለው ነው። ጋሼ ይህን ባይሉም አንባቢ እንዳይሳሳት ልጨምር አለች። ይህ ታሪክ የመጣበት ክፍል ከወንዶቹ የተለየ፣ ጥቂት ሴቶች የሚሠሩበት ክፍል ነው፤ ከእነሱም ሁለቱ በ1928 ወሬ ያበዛሉ፣ ሥራም ይለግማሉ ተብለው በሌሎች ተተክተዋል። አከፋፈሉም ተለውጦ ጉርሻው ለትንሿ ቡድን ብቻ የሚታሰብ ሆኖ ነበር። እንግዲህ የጨመረው በፍቅር ነው ወይስ በገንዘብና በማባረር ብላ ጠየቀች። በ12ኛው ጋሼ ይህንን ተማሪዎቻቸውን ሲያስተምሩ እንደኖሩ በትህትና፣ ግን ትንሽ ቆፍጠን ብለው አሳወቁ። እኔ እንደማነበው ሁለቱ የተስማሙበት ቦታ ይህ ብቻ ነው፤ አነጋገራቸው ግን የተጣሉ ያስመስላቸዋል።

ከ13 እስከ 16 የትራንስፖርት ምሬት ነው። የፋብሪካ ሰርቪስ አውቶብስ ቱሉ ዲምቱ ከፍጥነት መንገዱ መግቢያ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚቆም፣ ከቦሌ አራብሳ ማን በስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ ወዘተ። ከመካከላቸው 15ኛው የታክሲ ተራ አስከባሪዎች ድርጅት ናቸው ወይስ አይደሉም ብሎ ጠይቆ ነበር፤ ማንም ዞሮ አላየውም። ያሳዝናል፣ ጥሩ ጥያቄ ነው።

17ኛው የሱሉልታው የቀድሞ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። እዚህ ላይ የክሩ ድምፅ ይለወጣል። እሱ እንደሚለው ይህ ሁሉ ከውጭ የመጣ ወረቀት ነው። ቢፒአር (የሥራ ሂደትን እንደገና ማዋቀር) መጣ፣ ሠለጠንን፣ አበል ተከፈለን። ቢኤስሲ (የሥራ ውጤት መመዘኛ) መጣ፣ ሠለጠንን፣ አበል ተከፈለን። ካይዘን የሚባለው የጃፓኖች ሥራን ደረጃ በደረጃ የማሻሻል ዘዴ መጣ፣ አንድ ለአምስት አደረጃጀት መጣ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የዜጎች ቻርተር እስከ ዛሬ አለ፤ ባለጉዳዩም ከሥሩ ተቀምጦ እስከ ዛሬ ይጠብቃል። ይህን ትምህርት ነው ይህ ልጅ በእቁብ ገንዘቡ ሊገዛ የሚፈልገው ብሎ ዘጋ።

18ኛው በእኔ ሚዛን ከክሩ ሁሉ የላቀው መልስ ነው። የቡራዩዋ ናት፤ በዚህ ጊዜ አልተቆጣችም። ዘርፉ የሚያጠናው ልክ አንተ የነገርከንን ነው አለችው። ሜየርና ሮዋን የተባሉ ሁለት ሶሺዮሎጂስቶች እ.ኤ.አ. በ1977 እንዳሳዩት፣ ድርጅቶች ብዙ አሠራር የሚቀበሉት ሥራ ስለሚያቀልላቸው ላይሆን ይችላል፤ የሚቀበሉት በአካባቢያቸው ዘንድ ደንበኛ ድርጅት ሆኖ ለመታየት ነው። መዋቅሩ ለእይታ ይቆማል፣ ሥራው በሌላ መንገድ ይሄዳል። ዲማጂዮና ፓውል ደግሞ በ1983 ድርጅቶች ለምን እየተመሳሰሉ እንደሚሄዱ ጠይቀው ሦስት ምክንያት ሰጡ። ገንዘብ ወይም ሥልጣን ያለው አካል ያስገድዳቸዋል፤ የሚያደርጉት ሲጠፋቸው ተሳካለት የሚባለውን ይቀዳሉ፤ ባለሙያዎቻቸውም አንድ ዓይነት ትምህርት ቤት ስለወጡ አንድ ዓይነት ያስባሉ። ከራሷ ቢሮ ያመጣችው ምሳሌ ይህንን ሁሉ በአንዴ ያሳያል። ዓመታዊው ዕቅድ ለጋሹ በሚፈልገው ሠንጠረዥ ተሞልቶ፣ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ሰኞ ጠዋት ማን የት እንደሚሄድ ግን የሚታወቀው ከአስተባባሪዋ ባለመስመር ደብተር ነው። ደብተሩ የጠፋ ቀን ቢሮው ይቆማል፤ ሠንጠረዡ ቢጠፋ የሚያውቅ የለም።

19ኛው ተናዶ የገባ ሰው ነው። በአንድ ክፍለ ከተማ የቢፒአር ጥናት ቡድን ውስጥ ሠርቷል። ከዚያ በፊት የንግድ ፈቃድ ፋይል ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲንከራተት፣ አንዱ ፈራሚ ለቅሶ ሄደ ሲባል፣ ባለጉዳይ ነገ ተመለስ እየተባለ ጫማው ሲያልቅ ያየ ሰው እንዲህ አይሳለቅም አለ። ፈራሚዎቹን ቆርጠው በአንድ መስኮት ሲያደርጉት ሰዉ አልቅሶ መርቆናል ይላል። የተሻሻለው በኋላ መበላሸቱ የማሻሻያው ጥፋት አይደለም፤ ኃላፊ በተለወጠ ቁጥር የሚለወጥ መመሪያ ነው ያበላሸው። በዚህ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። ባዶ ሥርዓት ነው ማለት ቀላል ሆኖ ሳለ፣ ከሥርዓቱ መካከል የትኛው እንደ ሠራ ለይቶ ማውጣት ነው ጥናት የሚባለው።

20ኛው የአቃቂው የጥገና መሐንዲስ ስለ ካይዘን አስተካከለ። እ.ኤ.አ. በ2009 በጃይካ (በጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት) እገዛ እዚህ አገር ሲጀመር በ30 ድርጅቶች ላይ ተሞክሮ ነው፤ የካይዘን ኢንስቲትዩት የተቋቋመው በ2011 ነው። ጃፓናዊ ነው ብላችሁ ስትስቁበት ደግሞ አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ኤድዋርድስ ደሚንግ በ1950 ጃፓን ሄዶ ያስተማረውም እዚያው ውስጥ እንዳለበት አትርሱ አለ። በእሱ ወርክሾፕ መፍቻዎቹ በሰሌዳ ላይ የየራሳቸው ቅርጽ በቀለም ተሥሎላቸው ነው የሚሰቀሉት። ቦታው ባዶ ከሆነ የትኛው እንደ ጎደለ ከበር ላይ ይታያል። ቀድሞ አንድ 17 ቁጥር መፍቻ ለመፈለግ ግማሽ ቀን ይባክን ነበር። 21ኛው የሱሉልታው ተመልሶ፣ እኛ ዘንድ ቅርጹ ቀርቶ መፍቻው ሄዷል አለ። 22ኛውን አወያዩ ሰርዞታል። እኔ ሳይሰረዝ አንብቤው ነበር፤ መሰረዙ ደግ ነው።

23ኛው የኮዬ ፈጬ ነዋሪ ንድፈ ሐሳቡን ተዉትና ስለ ውሃ ፓምፓችን ንገሩኝ አለ። (እኔም እዚያው አራተኛ ፎቅ ስለምኖር ገለልተኛ አይደለሁም።) ነገሩ እንዲህ ነው። የሕንፃው ፓምፕ ከምድር ታንከር ወደ ላይ ውሃ ይገፋል። የምድር ቤት ነዋሪዎች ውሃ በራሱ ስለሚደርሳቸው ለፓምፕ አናዋጣም አሉ። የላይኞቹ ብቻ አዋጥተው አስጠገኑ፤ ተቃጠለ፤ ደግመው አስጠገኑ፤ ደግሞ ተቃጠለ። ቁልፉ በጥበቃው እጅ ነው። ገንዘብ ያዡ ደረሰኞቹን እንደ ያዘ ጀሞ ገብቷል። ለፓምፑ በተጠራው ስብሰባ ላይ የተወሰነው ደግሞ ስለ ውሻ፣ ስለ ዲሽ አተካከልና ስለ ደረጃው ቀለም ነው።

እነሆ መልሶቹ። በ24ኛው ሒሳብ ሠራተኛው በፎቅ ልክ ዋጋ አውጡ፤ የማይጠቀም አይክፈል አለ። በ25ኛው የዱከሟ የመስመር ኃላፊ ነገሩ የገንዘብ አይመስለኝም አለች። ኮሚቴው ሲመረጥ ከምድር ቤት ሰው ተጠርቶ ነበር ወይ? ካልተጠራ ቡና አፍልታችሁ ሂዱ፤ የተናቀ ሰው አያዋጣም። በ26ኛው የቡራዩዋ በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤልን የተካፈለችውን የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ኤሊኖር ኦስትሮምን አነሣች። ኦስትሮም በ1990 መጽሐፏ የጋራ ውሃ፣ ግጦሽና ደን ለረጅም ዘመን ሳይጠፋ የቆየባቸውን ቦታዎች መርምራ ነበር። ደንቡን ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ያወጣሉ፣ ተቆጣጣሪው ከመካከላቸው ነው፣ ቅጣቱ ከትንሽ ይጀምራል፣ ጠብ የሚፈታበት ቦታም ቅርብና ርካሽ ነው። በስፔን ቫሌንሲያ የመስኖ ውሃ ዳኞች በየሳምንቱ ሐሙስ ከካቴድራሉ ደጃፍ ተቀምጠው ጠብ ይሰማሉ። በ27ኛው አንድ የሕግ ባለሙያ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤት ባለቤቶች ማኅበርን እንደሚያቋቁምና የጋራ ወጪ መዋጮም ግዴታ መሆኑን አስታውሶ፣ ቡናውን ከጠጣችሁ በኋላ ሕጉንም አንብቡት አለ።

በ28ኛው ጋሼ ስብሰባውን ራሱን አዩት። ኮኸን፣ ማርችና ኦልሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1972 የዩኒቨርሲቲ ውሳኔዎችን መነሻ አድርገው እንደጻፉት፣ በእንዲህ ዓይነት ስብሰባ ውስጥ ችግሮች፣ መፍትሔዎችና ሰዎች በየራሳቸው ጊዜ ገብተው ይገናኛሉ። ዲሽ የሚጠላ ሰው ስብሰባ ይጠብቅ ነበር፤ ስብሰባ ተገኘ። በ29ኛው የአቃቂው መሐንዲስ ፓምፑ ለምን ደጋግሞ እንደሚቃጠል ነገረን። ጥበቃው ታንከሩ ባዶ ሳለ ያስነሣዋል፤ ደርቆ ሲሠራ ይግላል። መጀመሪያ ሲያደርገው ምንም ስላልሆነ ልማድ አደረገው። ሰባት ሰዎች የሞቱበትን የ1986ቱን የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር የቻሌንጀርን አደጋ ያጠናችው ሶሺዮሎጂስት ዳያን ቮን በ1996 ያሳየችውም ተመሳሳይ ነገር ነው። የጎማ ማሸጊያው በቀደሙ በረራዎች ጉዳት እንደ ደረሰበት ይታወቅ ነበር፤ አደጋ ባለመድረሱ ጉዳቱ እንደ ተለመደ ተቆጠረ።

ለጠያቂው በቀጥታ የማቀርብለት አንድ ነገር እዚህ ጋ ነው ያለኝ፦ ከ24 እስከ 29 መልሰህ አንብብ። ዋጋውን ብቻ ብናስተካክል ንቀቱ ይቀራል፤ ንቀቱን ብንፈታ ጥበቃው ፓምፑን ያቃጥለዋል፤ ጥበቃውን ብናስተምር ደረሰኙ ጀሞ ነው። ያንተ ሦስት የትምህርት ክፍሎች አንዱን ፓምፕ ለየብቻቸው ሊያዩልህ ነው የሚፈልጉት። ውሃው ግን እስካሁን አልወጣም።

በ30ኛው አንድ የዕድር ጸሐፊ፣ አቃቂ የሚኖሩ አባት፣ እናንተ በኖቤል የምትፈልጉትን እኛ ያለ ዲግሪ ስንሠራው ኖረናል አሉ። መዝገቡ፣ የስም ጥሪው፣ ቀብር ያረፈደ የሚቀጣው፣ ድንኳኑና ብረት ድስቱ በቁጥር የሚወጣውና የሚመለሰው። ሁሉም ወደዳቸው። 31ኛዋ ብቻ አልወደደችም። ሶሺዮሎጂስቱ ሮበርት ሚሸልስ በ1911 ስለ ጀርመን ሶሻሊስት ፓርቲ የጻፈው ለዕድራችንም ይሠራል አለች፦ ለእኩልነት የተቋቋመ ማኅበር እንኳ ቀስ በቀስ በጥቂቶች እጅ ይወድቃል። የእኛ ሰፈር ሰብሳቢ ልጅ ሆኜ የማውቀው ሰውዬ ነው፤ ድስቱን የምናጥበው ሴቶች፣ ቅጣቱን የሚወስኑት ወንዶች። አባት በ32ኛው የሰጡት መልስ አጭር ነው፤ ይታሰብበታል የሚል ነው። በየስብሰባው የምንሰማው ይታሰብበታል መሆኑን ልብ ይሏል።

በ33ኛው ጋሼ ወደ ልጁ ተመለሱ። ትሪስትና ባምፎርዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1951 ስለ እንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ያሳተሙትን ጥናት ነገሩት። ባምፎርዝ ራሱ ቀድሞ ማዕድን ቆፋሪ ነበር። አዲሱ መሣሪያ ሲመጣ ተመራርጠው አብረው ይሠሩ የነበሩ ትንንሽ ቡድኖች ፈርሰው በሦስት ፈረቃ ተከፋፈሉ። ከዚያ አንዱ ፈረቃ ሌላውን መውቀስ፣ ሰውም ከሥራ መቅረት አመጣ። መሣሪያውን የሚያውቅ ሰውን አላወቀም፤ ሰውን የሚያውቅም መሣሪያውን። አንተ ፋብሪካ ውስጥ ስለሆንክ ከማንኛችንም የተሻለ ቦታ ላይ ነህ፣ የሚያስተምርህን ሰው ፈልግ እንጂ የትምህርት ክፍሉን ስም አትፈልግ አሉት።

34ኛው የጠያቂው ነው። ለሶሺዮሎጂ ክፍል ሊያመለክት ወስኗል፤ ከሥራ አመራርም ሁለተኛ አማካሪ እንዲሰጠው ይጠይቃል። የጥናቱን መነሻ ሐሳብም ጽፏል፤ መነሻውም የዱከሟ የቦቢን ታሪክ ነው። እህቴ ትፈቅጂልኛለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት።

በ35ኛው አልፈቀደችም። ያን የሰዓት ሰው የሚቀጥሩትም ጥናት ያነባሉ አለችው። በ36ኛው የቡራዩዋ ስምና ቦታ ተለውጦ ይጻፋል፣ የጥናት ሥነ ምግባርም ይህንን ያዛል ብላ ልታግባባት ሞከረች። የዱከሟ ከዚያ በኋላ አዲስ መልስ አልጻፈችም፤ 35ኛውን ከፍታ ከሥሩ አንድ መስመር ጨመረችበት። ስሜን ብትለውጡት ለእኔ ነው የሚጠቅመኝ፣ ቦቢኑን ካወቁት ግን ነገ ለእያንዳንዷ በቁጥር ይሰጣታል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ልጆቹን ልጠይቅ፣ እነሱ እሺ ካሉ እጽፍልሃለሁ አለች። ልጆቹ ምን እንዳሉ እስካሁን አልጻፈችም፤ እባካችሁ በየመልሱ ሥር አትወትውቷት።